በደቂቃ 180 ምት፦ ሻንጋን ኤሌክትሮ በምዕራባውያን ጆሮ

ሙዚቃውን መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ኮምፒውተሬ የተበላሸ መሰለኝ። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። የሴቶች ድምፅ ተቆራርጦ ይመላለሳል። ከሥሩ ማሪምባ የሚባለውን በዱላ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ የሚመስል ኪቦርድ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣል። ከበሮው ትንፋሽ አይሰጥም። ምንም እንዳልተበላሸ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሙዚቃው ራሱ እንዲህ ነው።

በኋላ ስለዚህ ሙዚቃ የተጻፈውን ሳገላብጥ ብቻዬን እንዳልነበርኩ አየሁ። አውሮፓና አሜሪካ ያለው አድማጭም መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ፍጥነቱን። ሙዚቃው ሻንጋን ኤሌክትሮ ይባላል፤ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ወደ ምዕራቡ ዓለም ሲገባ ምን እንደገጠመው እዚህ እመዘግባለሁ። ዋናዎቹን ሰዎች በስም አልጠራም፤ በሥራ ድርሻቸው እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ሊምፖፖ የደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። እዚያ የጾንጋ ሕዝብ ይኖራል፤ ሻንጋን የሚለው ስም የሚመጣው ከዚሁ ሕዝብ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ሞዛምቢክ ውስጥም አለ። በአፓርታይድ ዘመን መንግሥት ጋዛንኩሉ የሚባል ክልል ከልሎላቸው ነበር፤ ዋና ከተማው ጊያኒ ነበረች። ቋንቋቸው ዛሬ ከአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሙንጋና ሎኔኔ የሚባል በቋንቋቸው የሚያስተላልፍ ኤፍ ኤም ራዲዮም አላቸው። ያም ሆኖ ጆሃንስበርግ ውስጥ «ሻንጋን» ሲባል እንደ ባላገር ተቆጥሮ መቀለጃ መሆን የኖረ ነገር ነው። ይህን አንርሳው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሙዚቃቸው ለምዕራቡ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ፖል ሳይመን በ1986 ባወጣው ዝነኛ አልበም ውስጥ አንዱ ዘፈን የተሠራው ከጄኔራል ኤም ዲ ሺሪንዳና ከጋዛ እህቶች ጋር ነው። እነሱ የዚሁ ሕዝብ ሙዚቀኞች ናቸው። ያኔ ግን ጊታርና ቤዝ ነበር፤ ፍጥነቱም መካከለኛ። ከዚያ የሻንጋን ዲስኮ ዘመን መጣ። ሲንተሳይዘር ገባ። ዘፋኙ ፔኒ ፔኒ በ1994 ያወጣው አልበም አገር ያዳረሰው በዚያ ዘመን ነው።

የዚህ ጉዳይ ዋና ሰው የመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ከሊምፖፖ ወጥቶ ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ የሚኖር ነጋዴ ነበር፤ ሞባይል ጥገና ቤቶች ነበሩት። ሥራው ጥሩ ነበር። ትቶት ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። ከዚያ ሦስት ነገር አደረገ። ቤዝ ጊታሩን አወጣ። የጊታሩን ቦታ ማሪምባ ለሚመስል የኪቦርድ ድምፅ ሰጠ። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 180 ምት ወሰደው።

ለምን ቢሉ ለጨፋሪው ነው። የጾንጋ ሴቶች ሺቤላኒ የሚባል ጭፈራ አላቸው። ዳሌን አጉልቶ የሚያሳይ ብዙ መደብ ያለው ጉርድ ይለበሳል፤ ዳሌው ሲንቀጠቀጥ ጉርዱ ብቻውን የሚጨፍር ይመስላል። ወንዶቹ ደግሞ በእግር ነው። ፕሮዲውሰሩ ፍጥነቱን የለካው በእነዚህ እግሮችና ዳሌዎች ነው። ምቱ ሲዘገይ ጨፋሪው ይቀዘቅዛል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሙዚቃው ከቪዲዮ ጋር በዲስክ እየተሸጠ በየሠርጉና በየሰፈሩ ድግስ ሲጨፈርበት ምዕራቡ ዓለም ገና ስሙን አልሰማም ነበር።

ችግሩ

ችግሩ አንድ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚታየው ግን ፍጥነቱ ነው። ሀውስ የሚባለው የክለብ ጭፈራ ሙዚቃ በተለምዶ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት አለው። የአውሮፓ ክለብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እዚያ አካባቢ ነው። ዲጄ አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ምቱን እያስተካከለ ስለሆነ፣ ከ125 ወደ 180 መዝለል መኪና በሁለተኛ ማርሽ እየሄደ አምስተኛ እንደማስገባት ነው። ይንገጫገጫል።

«ሸክላው በተሳሳተ ፍጥነት እየዞረ ነው» የሚለው ጥርጣሬም ዝም ብሎ ቀልድ አይደለም፤ ሒሳብ አለው። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ 45 ጊዜ ብታዞሩት ፍጥነቱ ከሲሶ በላይ ይጨምራል። 130 ምት የነበረው 175 ይሆናል። ድምፁም ይቀጥናል፤ ዘፋኙ ሕፃን ይመስላል። ሻንጋን ኤሌክትሮ ውስጥ ደግሞ ተቆራርጠው የሚገቡት ድምፆች ቀድሞውንም ቀጭን ናቸው። ሸክላ ሲሰማ የኖረ አውሮፓዊ ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ችግር ቤዙ ነው። የለም። የአውሮፓ ክለብ ድምፅ ማጉያ ደግሞ የተሠራው ለቤዝ ነው፤ ሰው የሚከፍለው ደረቱ እንዲርገበገብለት ነው። በዚያ ማሽን ላይ ቤዝ የሌለው ሙዚቃ ሲከፈት ቀጥኖ ይሰማል። ስለዚህኛው ችግር ብዙ ሰው አያወራም። እኔ ግን ከፍጥነቱ እኩል የከበደ ይመስለኛል። አድማጩ «በጣም ፈጠነ» ሲል ግማሹ ቅሬታ «እግሬን የማሳርፍበት ወለል አጣሁ» ማለት ነው።

ሦስተኛው ሳቁ ነው። በዚህ ሙዚቃ ከሚጨፍሩት ቡድኖች አንዱ ብርቱካንማ የሥራ ቱታ ለብሶ፣ ሆዱ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ የቀልደኛ ጭንብል አጥልቆ ይጨፍራል። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ሲዞር ብዙ ሰው የላከው «ይህን ጉድ እዩልኝ» እያለ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ጭንብሉን ያጠለቁት ሊያስቁ ነው፤ የሳቀ ሰው አልበደላቸውም። ልዩነቱ ከሳቁ በኋላ ያለው ነው። የሶዌቶው ልጅ ከሳቀ በኋላ እግራቸውን ያያል፤ ማን ማንን እንደበለጠ ይከራከራል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰው ስቆ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል።

አራተኛው ስም ማውጣቱ ነው። ጸሐፊዎቹ የሚያውቁትን ሁሉ ጠሩ። አንዱ ከቺካጎው ፉትወርክ ጋር አመሳሰለው። ፉትወርክም 160 ምት አካባቢ ያለው የእግር ጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ አውሮፓ በደንብ የገባውም በዚያው በ2010 ነበር፣ ስለዚህ ማመሳሰሉ መሬት አለው። ሌላው የኮምፒውተር ጌም ድምፅ አለው። ሌላው «የመጪው ዘመን ሙዚቃ» አለው። ይህ የመጨረሻው ሙገሳ ነው፣ ግን ይገርመኛል። ጊያኒ ያለች እናት ለልጇ ሠርግ የምትከፍተው ሙዚቃ ነው እኮ! ለእሷ ወግ ነው፣ ባህል ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ፕሮዲውሰሩ ቪዲዮዎቹን ዩቲዩብ ላይ ጫነ። አንድ አሜሪካዊ አይቶ ፈለገው፤ ከለንደኑ አሳታሚ ከኦነስት ጆንስ ጋርም አገናኘው። አሳታሚው በ2010 የተለያዩ ዘፋኞችን የያዘ ስብስብ አልበም አወጣ። ጊዜው የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ የተካሄደበት ነው፤ የሁሉም ዓይን እዚያ ነበር። የአልበሙ ርዕስ ላይ «ከደቡብ አፍሪካ የመጣ አዲስ የጭፈራ ሙዚቃ» የሚል መንፈስ ያለው ሐረግ ተጨመረ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ታስቦበት ነው። «የዓለም ሙዚቃ» ከሚባለው መደርደሪያ፣ ማለትም ኮራ ከሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ባለ ክር መሣሪያና ከከበሮው ጎን፣ አውጥቶ ከጭፈራው ጋር ለማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ጉዞ ነበር። በ2011 ፕሮዲውሰሩ ዘፋኞችና ጨፋሪዎች ይዞ አውሮፓ ዞረ። መድረክ ላይ እሱ ማይክ ይይዛል፤ ፊት ለፊት ያሉት ግን ጨፋሪዎቹ ናቸው።

ሦስተኛው ሪሚክስ ነው። አሳታሚው ዘፈኖቹን ለዲትሮይት፣ ለበርሊንና ለለንደን ስመ ጥር ፕሮዲውሰሮች ሰጣቸው። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሠራው። ሸክላዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው በ2012 በአንድ ላይ ተሰበሰቡ።

አራተኛው የአሳታሚ ለውጥ ነው። በ2014 ፕሮዲውሰሩ ዋርፕ ወደሚባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ሄደ። ዋርፕ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ትልቅ ስም ያለው ነው። በ2015 በራሱ ስም ሙሉ አልበም አወጣ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

አልበሙ ብቻውን ጸሐፊዎችን አሳመነ፣ ጨፋሪዎችን አላሳመነም። አድናቆቱ ብዙ ነበር። ግን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማድነቅና ወለል ላይ መውረድ የተለያየ ነገር ነው። ድምፁ ያለ ምስሉ ሲመጣ አድማጩ የያዘው ፍጥነቱን ብቻ ነው። ፍጥነቱ ለምን እንደሆነ የሚነግረው እግር አላየም። እኛ ብንሆን እስክስታ አይተን የማናውቅ ሰዎች ዘፈኑን ብቻ ብንሰማ ትከሻው ከየት ይመጣልናል?

በግልጽ የሠራው መድረኩ ነው። የሚታየው ነገር አድማጩ የጠበቀው አይደለም። ሙዚቃው እብድ ነው ብሎ የመጣ ሰው ጨፋሪዎቹን ሲያይ እብደቱን አያገኝም፤ ልኩን ነው የሚያገኘው። እግር እያንዳንዷን ምት አይመታም። ሰውነት ላይኛውን ክፍል ዘና አድርጎ በግማሹ፣ በደቂቃ በ90 ይሄዳል፤ እግርና ዳሌ ብቻ በ180 ይሮጣሉ። ይህ ቁልፉ ነው። 90 ደግሞ ለማንም ሰው ምቹ ፍጥነት ነው፤ የዝግታ ሂፕሆፕ ነው። ታዳሚው ይህን በጽሑፍ ቢነገረው አይገባውም። አጠገቡ ያለች ጨፋሪ ስታሳየው ግን በግማሹ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሳያውቀው ፍጥነቱ ውስጥ ገብቷል።

እግረ መንገዴን፣ 180 ቁጥሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥሩ የረጅም ርቀት ሯጭ በደቂቃ የሚረግጠው ወደ 180 እርምጃ ያህል ነው ይባላል። ፊቱን ስታዩት ግን የተረጋጋ ነው። ጉራግኛ ሲጨፈር አይቶ ያደገ ሰውም እግር እየሮጠ ፊት ሊስቅ እንደሚችል ማስረጃ አይፈልግም።

ሪሚክሶቹ ላይ ሐሳቤ ሁለት ነው። ጠቅመዋል። የበርሊኑን ፕሮዲውሰር ስም አይቶ ሸክላውን የገዛ ሰው በዚያው የሊምፖፖን ስም ተማረ። ዲጄውም በቀጥታ ሊያጫውተው የሚችል ነገር አገኘ። ግን ብዙዎቹ ያደረጉት ሁለት ነገር ነው፦ አዘገዩት፣ ቤዝ ጨመሩበት። ማለትም ፕሮዲውሰሩ ሆን ብሎ ያወጣውን መልሰው አስገቡ። አንዳንዶቹ እንደ ሙዚቃ በጣም ያምራሉ፤ ዛሬም እሰማቸዋለሁ። ለሺቤላኒ ግን አይሆኑም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጆሃንስበርግ ወጣቶች ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣውን የሀውስ ሙዚቃ ፈጠነብን ብለው አዘገዩት፤ በራሳቸው ቋንቋ ዘፈኑበት፤ ክዋይቶ ተወለደ። ከ20 ዓመት በኋላ በርሊንና ዲትሮይት ከዚያው አገር የመጣውን ሙዚቃ ፈጠነብን ብለው አዘገዩት። ስለዚህ ማዘግየት በራሱ ንቀት አይደለም። የክዋይቶ ልጆች ግን ያዘገዩት ለራሳቸው እግር ነው፤ ውጤቱም የራሳቸው ስም ያለው ሙዚቃ ሆነ። ሪሚክሶቹ ከዚያ አልደረሱም። ከእነሱ የወጣ አዲስ ጭፈራ የለም።

የዋርፕ አልበም አንድ ነገር አሳካ፤ ሰውየው ከ«ክስተት» ወደ «ሙዚቀኛ» ተሸጋገረ። በአገሩ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ተገመገመ። በአገሩ መቀለጃ የነበረ ማንነት ይዞ እዚያ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙኃኑን ግን አላመጣም። ሻንጋን ኤሌክትሮ በምዕራቡ ዛሬም የጥቂት ወዳጆች ሙዚቃ ነው።

ብዙኃኑን ያመጡት ሌሎች የደቡብ አፍሪካ ሙዚቃዎች ናቸው። የደርባኑ ጎም ጨለምተኛ ድምፁን ይዞ መጀመሪያ የአውሮፓን ትንንሽ ክለቦች ያዘ። አማፒያኖ ደግሞ ሁሉንም አስከነዳ። ፍጥነቱ በደቂቃ 110 እና 115 አካባቢ ነው፤ ቤዙም ሎግ ድራም የሚሉት ያ ወፍራም ድምፅ ነው። አውሮፓዊው ክለብ የጎደለው ነገር ሁሉ እዚህ አለ፤ ዲጄውም ማርሽ መቀየር አይጠበቅበትም። በ2024 ታይላ የምትባለው የጆሃንስበርግ ልጅ ግራሚ የወሰደችው ከዚሁ ድምፅ በተቀዳ ዘፈን ነው። «ጆሮ ለመደ» የሚል አለ። እኔ ጆሮው ሳይለወጥ የሚመቸው ነገር መጣለት እላለሁ።

«ጀሩሳሌማ» የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዘፈን ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ የዚህን ጉዳይ ሐሳብ ያጠናክረዋል። ዘፈኑ በ2019 መጨረሻ ወጣ። ዓለምን ያዞረው ግን በ2020 መጀመሪያ አንጎላ ውስጥ አንድ የጭፈራ ቡድን ምግብ በሳህን ይዞ እየበላ እርምጃውን ሲጨፍር የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ኮቪድ መጣ፤ የአውሮፓ ነርሶች፣ ፖሊሶችና መነኮሳት ጭምር ያንኑ እርምጃ ተማሩ። የዘፈኑን ቋንቋ፣ ዙሉኛን፣ የሚያውቅ አልነበረም። በ2021 ጀርመን ውስጥ ባለመብቱ ኩባንያ ቪዲዮ ከለጠፉ ተቋማት አንዳንዶቹን የፈቃድ ክፍያ እስኪጠይቅ ድረስ ተስፋፋ። በሩን የከፈተው ያ ሳህን ነው።

ለሌላ ሥራ የሚሆን

የእኛን ሙዚቃ ወደ ውጭ የሚወስዱ ወጣቶች አውቃለሁ። ለእነሱ ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ አለ ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ ለጭፈራ የተሠራን ሙዚቃ ያለ ጭፈራው አትላኩት። ገንዘብ ካጠረ ከሪሚክስ ቀንሳችሁ ለሁለት ጨፋሪ ቲኬት ብትቆርጡ ይሻላል። ቪዲዮ ካነሳችሁ ደግሞ ካሜራው ፊት ላይ አይቅር፤ ሙሉ ሰውነቱን፣ በተለይ ሥራውን የሚሠራውን ክፍል ያሳይ።

የመጀመሪያው ቃልም ይጣበቃል። ሻንጋን ኤሌክትሮ ላይ «ፈጣን» የሚለው ተጣበቀ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሁሉ በእሱ ይጀምራል። በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ የፔኒ ፔኒን የ1994 አልበም እንደገና አወጣ። በዚያው ዓመት ይኸው አሳታሚ የኢትዮጵያዊውን ሙዚቀኛ የኃይሉ መርጊያን በ1985 የተሠራ ካሴትም አወጣ። ኃይሉ ላይ የተጣበቀው ደግሞ «የዋሽንግተኑ ታክሲ ነጂ» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይነዳ ነበር። ግን አኮርዲዮኑን የሚያክል ነገር እያለ ወሬው ሁሉ የመኪናው መሪ ላይ ነበር። ቃሉን ያላቀቀው መግለጫ አይደለም፤ እየዞረ መጫወቱና በ2018 አዲስ አልበም ማውጣቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጽፉትን የማስተዋወቂያ አንቀጽ አትናቁት፤ ሌላው ሰው ከእናንተ የሚገለብጠው እሱን ነው።

ማዘግየትና ማስተካከልን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ምክር የለኝም። ፕሮዲውሰሩ የራሱን ፍጥነት ሳይነካ ሪሚክሱን ለሌሎች መተዉ ብልህነት ይመስለኛል፤ ዋናው አለ፣ የተስተካከለውም አለ፣ መንገደኛው ከየትኛውም ቢገባ ግድ የለውም። እሱ ራሱ ቢያዘገየው ኖሮ ግን ሠርጉ ምን ይጨፈርበታል?

በቅርቡ ይህን ሁሉ እያሰብኩ አንዱን ዘፈን ለአንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ በጆሮ ማዳመጫ አሰማሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ አውልቆ ሰጠኝ። «ስልክህ ችግር አለበት» አለኝ። ምንም አላልኩትም። ሺቤላኒ የሚጨፍሩ ሴቶች ያሉበትን ቪዲዮ ከፍቼ ስልኩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረው። ሲጨርስ ቀና ብሎ ያ ጉርድ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ።